ቀይ ነጠብጣብ፤ ከፈንጣጣ እስከ ተስቦ

በታሪክ ክበብ ተማሪዎች

በየዓመቱ በወላጆች በዓል ቀን የአዳራሻችን የፊተኛው ወንበር የሚለቀቀው ለአያቶቻችን ነው። ከነዚሁ ሽማግሎችና ባልቴቶች መካከል ፊታቸው በጥቃቅን ጠባሳ የተወቀረ ሰዎች እንዳሉ ያላየ ተማሪ የለም፤ ነገር ግን ጠባሳው ከምን እንደ መጣ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛም ሳንጠይቅ ቆይተናል።

ለመጠየቅ ያበቃን አንድ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ከአዳሪ ጓደኞቻችን አንዱ ማለዳ ሲነሣ ክንዱና ሆዱ በትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ተሸፍኖ ተገኘ። አንዱ «ኩፍኝ ነው» አለ፤ ሁለተኛው «ተስቦ ነው» አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ ፈንጣጣ ነው ብሎ ከክፍሉ ሮጠ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በዚያ ልጅ ዙሪያ የነበሩት አልጋዎች ሁሉ ወደ ሌላው ግድግዳ ተጠግተው ነበር፤ ልጁም ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ ዋለ። የነጠብጣቡን ምክንያት ኋላ እንናገራለን። ለአሁኑ ግን ይህን ያህል እንበል፤ ያን ቀን ከመካከላችን ስለ ሦስቱ በሽታዎች ልዩነት አንዲት ቃል የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንድንጽፍ ብንመከርም፥ ስለ ነጠብጣብ ለመጻፍ ተስማማን። ነገሥታቱም ጦርነቱም ቢሆኑ ከነጠብጣቡ አላመለጡም።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው በቆዳ ላይ የሚወጣ ቀይ ነጠብጣብ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አለመሆኑ ነው። ቁንጫና ትኋን ሲነክሱ ይወጣል፤ ሙቀት ሲበዛ የላብ መውጫዎች ተደፍነው ይወጣል፤ ለሰውነት ያልተስማማ ምግብ ወይም መድኀኒት ሲወሰድ ይወጣል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተበጥሰው ደም ከቆዳ ሥር ሲፈስም ይወጣል። ሰውን በሺህ የፈጁት ታላላቅ ተላላፊ በሽታዎችም አጀማመራቸው ይኸው ነው። የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ሁሉንም አንድ ላይ ቆጥሮ ሲፈራ ከኖረ በኋላ ነው አንዱን ከአንዱ መለየት የጀመረው።

መለየትን በመጽሐፍ ካስተማሩት ሐኪሞች ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የፋርስ ተወላጅ የነበረው አል ራዚ ነው። ይህ ሰው በ9ኛው መቶ ዓመት መካከል ተወልዶ በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያረፈ ሲሆን፥ በባግዳድና በትውልድ ከተማው በሬይ በሽተኞችን ሲያክም ያስተዋለውን ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ ብቻ በሚናገር አንድ መጽሐፍ በዐረብኛ ጻፈው። ፈንጣጣ ሊወጣበት ያለ ሰው ጀርባውን አብዝቶ እንደሚያመው፥ ኩፍኝ የያዘው ግን ጭንቀትና ማቅለሽለሽ እንደሚበረታበት አመለከተ። የበሽታውን ምክንያት ሲናገር ግን ደም እንደ ወይን ጭማቂ ስለሚፈላ ነው አለ። ዓይኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ምክንያቱን ሳተ ማለት ነው። እኛ ግን በዚህ አንስቅበትም፤ አጉሊ መነጽር ያልነበረው ሰው በዓይኑና በእጁ ብቻ ሁለቱን መለየቱ ሊያስደንቀን ይገባል።

የአገራችንም ታሪክ ከዚህ ነገር ጋር የተገናኘው በሩቅ ዘመን ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የመንን ይገዛ የነበረው አብርሃ ከአክሱም መንግሥት ሠራዊት የተነሣ ሰው ነበር። የጥንት የዐረብ ጸሐፊዎች ዝሆን አስከትሎ ወደ መካ ስለ መዝመቱና ሠራዊቱ በመቅሠፍት ስለ መመታቱ ተርከዋል፤ ዓመቱም በተለምዶ እ.ኤ.አ. 570 ነው ይባላል። ከነዚሁ ጸሐፊዎች መካከል ፈንጣጣና ኩፍኝ በዐረብ አገር መጀመሪያ የታዩት በዚያው ዓመት ነው ያሉ አሉ። ትረካው የሃይማኖት ነገር ስላለበት እኛ ተማሪዎች ፈራጆች አንሆንም፤ ነገር ግን የነጠብጣብ በሽታና የአክሱም ስም በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ስናይ መገረማችን አልቀረም።

ወደ ጎንደር ዘመን ስንመጣ ግን ዓይቶ የጻፈ ምስክር አለን። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) በየካቲት ወር ጎንደር ሲገባ ከተማይቱ በፈንጣጣ ተይዛ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም በሚገኘው ግቢያቸው ሳሉ የቤተ መንግሥቱ ልጆች ታመሙ፤ ከነዚህም አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ አያ ኮንፉ ነበረ። ብሩስ ሐኪም ሳይሆን ጥቂት ሕክምና ያነበበ ሰው ነበር። ያደረገውም ነገር ቀላል ነው፤ በሽተኞቹ በሙቀት ታፍነው የተኙበትን ቤት በርና መስኮት አስከፈተ፤ ክፍሉን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት የሞቱም አሉ፤ ኮንፉ ግን ዳነ። ሆምጣጤና ዕጣን ፈንጣጣን እንደማይገድሉ ዛሬ እናውቃለን፤ በትኩሳት ለሚቃጠል ልጅ ግን ንጹሕ አየርና ንጹሕ አልጋ ማለፊያ ነገር ነው። ብሩስም በዚህ ምክንያት በቤተ መንግሥቱ ባለሟልነት አግኝቶ የጎንደርን ታሪክ በቅርብ ለመጻፍ በቃ። አንድ የነጠብጣብ በሽታ ለአገራችን ታሪክ አንድ የታወቀ ምንጭ አተረፈ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአባቶቻችን አገር ግን የውጭ ሰው እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንደ ጻፈው፥ ፈንጣጣ ሲነሣ ሰዎች ይሰበሰቡና ከአንድ በሽተኛ ቁስል መግል ይወሰዳል፤ ከዚያም የጤነኛው ክንድ በምላጭ በመስቀል ቅርጽ ይበጣና መግሉ በብጣቱ ውስጥ ገብቶ በጨርቅ ይታሰራል። እንዲህ የተደረገለት ሰው በአብዛኛው ቀለል ባለ ሕመም ታሞ ይድናል፤ ዳግመኛም በሽታው አይዘውም። ይህን አድራጎት አማርኛችን «መከተብ» ይለዋል። በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብና በክንድ የሚገባው ክትባት ከአንድ ግስ፥ ከ«ከተበ» የወጡ ናቸው፤ አንዱ በብራና ላይ ይጻፋል፥ ሁለተኛው በሥጋ ላይ።

ይኸው ጥበብ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች፥ በህንድ፥ በቻይናና በቱርክ የታወቀ ነበር። አሜሪካ የደረሰውም አንደኛው መንገድ በአንድ አፍሪካዊ አፍ ነው። በቦስተን ከተማ ኦኔሲመስ የሚባል አፍሪካዊ ባሪያ ጌታው የነበረውን ኮተን ማዘር የተባለውን ቄስ በአገሩ እንደ ተከተበ ነገረው፤ የክንዱንም ጠባሳ አሳየው። እ.ኤ.አ. በ1721 ፈንጣጣ ቦስተንን ሲመታ ዛብዲኤል ቦይልስተን የተባለው ሐኪም ይህን ምክር ሰምቶ ሕዝቡ እየተቆጣው ከ240 የሚበልጡ ሰዎች ከተበ፤ ከነዚህ 6 ሞቱ። በበሽታው እንዲያው ከተያዙት ወደ 5,900 ከሚጠጉት ሰዎች ግን 844 ሞቱ። ከመቶ ሁለት የሚያህል ሞት ከመቶ ዐሥራ አራት ጋር ሲነጻጸር ሒሳቡ ግልጽ ነው። የባሪያው ስም ግን በመማሪያ መጽሐፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የዚህን ክትባት ሌላውን ፊት ለመረዳት ከመጽሐፍ ወጥተን ወደ አንዲት እናት ዘንድ ሄድን። እኒህ እናት የአንድ ጓደኛችን አያት ሲሆኑ በጎጃም ገጠር ተወልደው ያደጉ፥ ዕድሜያቸውም ከሰባ ያለፈ ነው። ቡና እያፈሉ ሳለ ከነጠላቸው ሥር ክንዳቸው ሲገለጥ ጠባሳ አየንና፥

«እማማ፥ ይህ በክንድዎ ላይ ያለው ምንድር ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ይህማ አባቴ ያስከተበኝ ነው፥ ልጆቼ» አሉ። «የሐኪም እንዳይመስላችሁ። የመንደራችን ሰው ነው የከተበኝ። ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጥቂት ቀን አተኮሰኝ፤ እዚህም እዚያም ወጣብኝና ሻረ።»

«ታዲያ ጠቀመዎት ማለት ነዋ?» አልናቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «እኔንማ ጠቀመኝ» አሉ። «ጡት የሚጠባ ወንድም ነበረኝ። ከአንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው። እኔ ሽሬ ስነሣ እሱን አተኮሰው። መጀመሪያ ቁንጫ የነከሰው ነበር የሚመስል፤ እንዲያው ትንንሽ ቀያይ። ከዚያ ፊቱ ሁሉ ሞላ። ሳምንትም አልቆየ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ገላዬን ስታጥበኝ ይህችን ክንዴን ትዘላት ነበር።»

ይህን ብለው ክንዳቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና ስኒውን አቀረቡልን። እኛም ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አልደፈርንም።

እማማ የነገሩን በሕክምና መጻሕፍትም ያለ ነው። በዚህ ዓይነት ክትባት የሚገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለ ሆነ የተከተበው ሰው ሕመሙ ቢቀልለትም ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የተላለፈበትም ሰው እንደ ማንኛውም በሽተኛ በሙሉ ኃይሉ ይያዛል። ስለዚህ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1796 ጄምስ ፊፕስ የተባለውን የስምንት ዓመት ልጅ ከላም በመጣ ቀላል ፈንጣጣ መግል በከተበ ጊዜ የተገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ነበር፤ የላሟ ፈንጣጣ ልጁን ከታላቁ በሽታ ጠብቆት በቤት ላሉት ሕፃናት ግን ሞት አላመጣም።

የጄነር ክትባት ወደ አገራችን መንደሮች እስኪዳረስ ግን ብዙ ዘመን አለፈ። በመካከሉም ብዙ መከራ መጣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በቆየው «ክፉ ቀን» መጀመሪያ ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፤ ከብት ባለቀ ጊዜ ሞፈር ቆመ፤ ሞፈር በቆመ ጊዜ ረኀብ ገባ፤ በተራበው ሕዝብ ላይ ደግሞ ፈንጣጣ፥ ተስቦና ኮሌራ ተከታትለው ወረዱበት። በዚያ ዘመን ሰውን ረኀቡ ገደለው ወይስ ነጠብጣቡ ብሎ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱ ተጋግዘው ነው የገደሉት።

ፈንጣጣን ፈጽሞ ለማጥፋት በአገራችን ሥራ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በጥር 1971) ነው። በዚያው የአውሮፓ ዓመት ብቻ 26,329 በሽተኞች ተመዘገቡ፤ ይህም ምን ያህል ተሰውሮ ይኖር እንደ ነበረ ያሳያል። የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት በአብዛኛው ቀለል ያለው፥ ከመቶ በሽተኞች አንድ ወይም ሁለት የሚገድለው ነበር፤ ከባዱ ዓይነት ግን ከመቶ ሠላሳ ያህል ይገድላል። መንደሩ ከመኪና መንገድ የአንድ ቀንና ከዚያ በላይ የእግር ጉዞ ስለሚርቅ ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ፥ በኋላም በሄሊኮፕተር ይሄዱ ነበር። ከነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች፥ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶችና እንደ ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ ያሉ የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪሞች ነበሩ።

አሠራራቸው ለእኛ ለተማሪዎች የሚያኮራ ነው። ሕዝቡን ሁሉ መክተብ እንደማይቻል ስላወቁ በሽታው ያለበትን እየፈለጉ በዚያ ዙሪያ ያሉትን ብቻ ለመክተብ ቆረጡ። ለመፈለግ ደግሞ ነጠብጣብ የወጣበትን ሕፃን ሥዕል ይዘው ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ «እንዲህ ያለ ሰው በመንደራችሁ አይታችኋል?» ብለው ተማሪዎችን ጠየቁ። ከተራራ ወዲያ ያለውን በሽተኛ ከሹም ይልቅ ልጅ ቀድሞ ያውቃልና ነው። መርፌያቸው ሁለት ጥርስ ያለው ትንሽ ነገር ነበር፤ ክንድን 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጉበታል።

በጎጃም ሕዝቡ የአባቶቹን ክትባት የለመደ ስለ ነበረ ብዙ መንደር የመንግሥትን መርፌ እምቢ አለ። እማማ በዚያን ጊዜ አግብተው ወልደው ነበር። «መርፌ ይዘው ሲመጡ ሰዉ ወደ ቆላ ሸሸ» ብለው ነገሩን። «ባለቤቴም ግቢ አለኝ። እኔ ግን ልጄን አዝዬ ወጣሁ፤ መርፌው ካስተኛኝም ያስተኛኝ፥ በቤቴ ሌላ ሰው አይተኛም አልሁ። የዚያን ለት ማታ አንድ ቃል ሳይናገረኝ አደረ።»

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ በዲሞ መንደር የተገኘች የሦስት ዓመት ሕፃን ናት። በሽታው ግን ድንበር ተሻግሮ በሶማሊያ ሌላ አንድ ዓመት ቆየ። የመጨረሻው ሰው በመርካ ከተማ በሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠራ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ነው። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) ሁለት የታመሙ ልጆችን በመኪና መንገድ ሲያሳይ በሽታው ያዘው። አተኮሰው፤ ወባ ነው ተባለ። ነጠብጣብ ወጣበት፤ ጉድፍ ነው ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። ዓለም ሁሉ ፈንጣጣን ብቻ በሚፈልግበት በዚያ ዓመት፥ በሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ፊት ላይ የወጣውን ነጠብጣብ ሐኪሞች ሳቱት። ማሊን ዳነ፤ ከእርሱም በሽታው የተላለፈበት ሰው አልተገኘም። በኋላ ዘመኑ ራሱ መርፌ ፈርቶ ሳይከተብ መቅረቱን እየተናገረ ሕዝቡ ልጆቹን ለልጅነት ልምሻ እንዲያስከትብ ሲመክር ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ። የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ያወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1980) ነው። ስለዚህ ያ ከክፍላችን «ፈንጣጣ ነው» ብሎ የሮጠው ጓደኛችን በከንቱ ሮጧል።

ኩፍኝ ግን አልጠፋም። ስለ ኩፍኝ ታሪክ ሲነሣ በሰሜን አትላንቲክ ባሕር ያሉት የፋሮ ደሴቶች ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1846 በሽታው በመርከብ ገብቶ ከ7,800 ያህል ነዋሪዎች ወደ 6,000 የሚደርሱትን ያዘ። የዴንማርክ መንግሥት የላከው ፒተር ፓኑም ገና የ25 ዓመት ወጣት ሐኪም ነበር። ከመንደር ወደ መንደር በጀልባ እየዞረ ማን መቼ ከማን ጋር እንደ ተገናኘና ነጠብጣቡ በስንተኛው ቀን እንደ ወጣ መዘገበ፤ ከተገናኙ እስከ ነጠብጣቡ 14 ቀን ያህል መሆኑን አገኘ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን በ1781 በደሴቶቹ ኩፍኝ ገብቶ ነበርና፥ ያን ጊዜ ታመው የነበሩት ሽማግሎች ከ65 ዓመት በኋላ አንዳቸውም ዳግመኛ አለመያዛቸው ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ የተዋጋውን ጠላት ዕድሜውን ሁሉ እንደማይረሳ የታወቀው በሽማግሎች ትዝታና በአንድ ወጣት ማስታወሻ ነው።

በአገራችን ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ በጨለማ ቤት የሚያስተኙ ወላጆች አሉ። ይህን ልማድ እንደ ድንቁርና የሚቆጥሩት አሉ፤ እኛ ግን ግማሹ ትክክል ነው እንላለን፤ ኩፍኝ ዓይንን ስለሚያቀላ ብርሃን በሽተኛውን ይወጋዋል። ጉዳቱ ያለው ምግብ ሲከለከልና ሕፃኑ ከሐኪም ሲደበቅ ነው። ኩፍኝ የሚገድለው በነጠብጣቡ ሳይሆን ተከትሎት በሚመጣው የሳንባ ምች፥ ተቅማጥና የአንጎል ሕመም ነውና፥ ቫይታሚን ኤ መስጠት ሞትንም ዕውርነትንም ይቀንሳል። የኩፍኝ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ እያለ በ2023 እንኳ በዓለም ወደ 107,500 ሰዎች፥ ይልቁንም ሕፃናት፥ እንደ ሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል።

ሦስተኛው ተስቦ ነው። ከፈንጣጣና ከኩፍኝ ተለይቶ የዚህ ነጠብጣብ ከደረትና ከሆድ ይጀምርና ወደ እጅና ወደ እግር ይሄዳል፤ ፊትን፥ መዳፍንና የእግር ውስጥን በአብዛኛው ይተዋል። ተስቦ የጦር ሰፈር፥ የእስር ቤትና የረኀብ ጓደኛ ነው። ምክንያቱን ያገኘው በቱኒስ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ሻርል ኒኮል ነው። በሽተኞቹ በመንገድና በሆስፒታሉ መግቢያ ሌላውን ሰው ያስይዛሉ፤ ልብሳቸው ተወስዶ ገላቸው ከታጠበ በኋላ ግን በክፍል ውስጥ አጠገባቸው የተኛውን አያስይዙም። እንግዲህ በበሩና በአልጋው መካከል የቀረው ነገር ምንድር ነው? ብሎ ጠየቀ፤ መልሱም በልብስ ውስጥ ያለችው ቅማል ሆነች። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1909 በሙከራ አስረዳ፤ በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በሽታው የሚገባው በቅማሏ ንክሻ ሳይሆን ሰው ሲያክ ኩሷ ወደ ተፋቀው ቆዳ ሲገባ ነው። ቅማሏም ትኩሳት ያለበትን ገላ ስለማትወድ ሌላ ሰው ትፈልጋለች፤ ራሷም በዚያው በሽታ ትሞታለች።

ይህን ምርምር ያካሄዱ ሰዎች ዋጋ ከፍለዋል። አሜሪካዊው ሪኬትስ በ1910፥ ፕሮዋዜክ ደግሞ በ1915 በሚመረምሩት በተስቦ ሞቱ፤ ረቂቁ ሕዋስ በሁለቱ ስም «ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ» ተባለ። ሩዶልፍ ቫይግል የተባለው የፖላንድ ሊቅ ቅማል በሰው እግር ላይ እያረባ የመጀመሪያውን የተስቦ ክትባት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1939ም ተስቦን ለመመርመር በጣሊያን ወረራ ሥር ወደ ነበረችው ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። ወደ ልቮቭ ከተማ ከተመለሰ በኋላ ጀርመኖች ከተማይቱን ሲይዙ ብዙ ምሁራንን ቅማል መጋቢ አድርጎ ቀጠራቸው፤ የመታወቂያ ወረቀታቸውም ከመታሰር አዳናቸው። ስሙን በሒሳብ ትምህርት የምንሰማው ስቴፋን ባናህ ከነዚህ አንዱ ነበር። ዛሬ ተስቦ ዶክሲሳይክሊን በሚባል መድኀኒት ይድናል።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ለአንድ ነገር ቅር ተሰኝተናል። አብዛኞቹ መጻሕፍት ነጠብጣቡን «ደማቅ ቀይ» እያሉ የሚጽፉት በነጭ ቆዳ ላይ የሚያዩ ሰዎች ስለ ጻፏቸው ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ጠቆር ያለ ወይም በእጅ ሲዳሰስ ብቻ የሚሻክር ይሆናል። ስለዚህ በአፍ ውስጥ፥ በዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍልና በመዳፍ መፈለግ ያስፈልጋል። ሌላም አንድ ነገር አለ። ትኩሳት ባለው ሰው ላይ የታየ ነጠብጣብ ጥርት ያለ ብርጭቆ ሲጫኑት ካልጠፋ ደም ከቆዳ ሥር ፈሷል ማለት ነው፤ ይህ የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ያስኬዳል፤ ነገር ግን ነጠብጣቡ ቢጠፋም ወይም ጨርሶ ባይኖር ከማጅራት ገትር ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ነርሷ ከሰዓት በኋላ መጥተው ትኩሳቱን ለኩ፤ አልነበረውም። ሳል የለም፤ ዓይኑ አልቀላም፤ አፉም ንጹሕ ነው። ነጠብጣቦቹን በብርጭቆ ቢጫኗቸው ጠፉ። ከዚያ ሦስት ሦስት ሆነው በመስመር መውጣታቸውን አይተው «ልጄ፥ ፍራሽህን ፀሐይ ላይ አውጣው» አሉት። ፍራሹን ስናነሣ ትኋኖቹ በስፌቱ ላይ ተሰልፈው ነበር። እኛም አልጋዎቻችንን እየጎተትን ወደ ቦታቸው መለስን፤ ማታም የራሳችንን ፍራሽ ስፌት በባትሪ መብራት ስንመረምር፥ ከመካከላችን ንጹሕ ፍራሽ የተገኘለት አንድ ልጅ ብቻ ነው።